ማሕሙድ አሕመድ ከዝና በፊት፦ ከሊስትሮ ሥራ እስከ አሪዞና ክለብ

አንጋፋው ድምጻዊ ክቡር ዶክተር ማሕሙድ አሕመድ ሚያዝያ 30 ቀን 1933 ዓ.ም በአዲስ አበባ፣ መርካቶ ተወለደ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው ወደ መዲናዋ ከገቡ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነበር።

በቀለም ትምህርቱ ብዙም አልገፋም። ልቡን የሳበው ከሬዲዮ የሚሰማው ዘፈን ሲሆን፣ ከሁሉም አብልጦ የሚወደው የጥላሁን ገሠሠን ድምፅ ነበር። ሁለቱም የተወለዱት በ1933 ዓ.ም ነው፤ ነገር ግን ጥላሁን ገና በወጣትነቱ ስመ ጥር ሲሆን፣ ማሕሙድ ትምህርቱን አቋርጦ ጫማ እየጠረገ ይተዳደር ነበር።

በጎንደር ምድር በሠርግና በጠጅ ቤት የሚታየው አዝማሪ አብዛኛውን ጊዜ ማሲንቆውንም ግጥሙንም የሚማረው ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ነው። ሙያው የዘር ውርስ ነው። የመርካቶው ልጅ እንዲህ ያለ ውርስ አልነበረውም፤ መምህሩ ሬዲዮ ነበር። በዚያ ዘመን በጊታርና በሳክስፎን የታጀበውን ዘመናዊ ሙዚቃ በአብዛኛው የያዙት የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች ነበሩ፤ ከውጭ ለመጣ ሊስትሮ በራቸው እንዲሁ የሚከፈት አልነበረም።

ማሕሙድ ወደዚያ በር የቀረበው በጉልበት ሥራ ነው። አሪዞና በተባለው የአዲስ አበባ የምሽት ክለብ ተቀጥሮ የተገኘውን ሁሉ ይሠራ ጀመር። ክለቡ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከሥራቸው በኋላ የሚያዘወትሩት ቤት በመሆኑ፣ ወጣቱ በሬዲዮ ብቻ የሚያውቀውን ሙዚቃ በቅርብ እያየ ማምሸት ቻለ።

በ1954 ዓ.ም ገደማ አንድ ምሽት የባንዱ ድምጻዊ ሳይመጣ ቀረ። ማሕሙድ ጥቂት ዘፈኖች እንዲዘፍን እንዲፈቀድለት ጠየቀ፤ ተፈቀደለትም። አጋጣሚው ዕድል መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም ያን ምሽት ዘፈኖቹን አጥንቶ ባይጠብቅ ኖሮ ፈቃዱ ብቻ ምንም ባልፈየደለት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የክቡር ዘበኛ ባንድ መደበኛ ድምጻዊ ሆነ፤ እስከ አብዮቱ ዋዜማም አብሮ ሠራ። የመጀመሪያውን ሸክላ ያስቀረጸው ግን እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ከአሪዞናው ምሽት ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆይቶ መሆኑ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም በሚሊኒየም አዳራሽ መድረኩን ሲሰናበት ዕድሜው 83 ነበር።