የታላቁ ደም ቅዳ አለካክ ታሪክና የጎጃም ወጣት ልክ

ሐኪም በሽታን ለመለየት አስቀድሞ የጤነኛውን ሰው ልክ ማወቅ አለበት። ይሁን እንጂ ታሪኩን ስንመረምር፣ ብዙ ጊዜ የተለካው በሽተኛው ነው። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ ከልብ የሚነሣው ታላቁ ደም ቅዳ፣ ማለት አኦርታ፣ እንዴት ሲለካ እንደ ኖረ እናያለን፤ የምናስበውም የፍኖተ ሰላምን፣ የቡሬንና የአካባቢውን ገጠር ወጣት ነው።

እስጢፋን ሄልስ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1733 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በፈረስ ደም ቅዳ ረጅም የመስተዋት ቧንቧ አግብቶ የደሙን ግፊት በከፍታው እንደ ለካ ጻፈ። (ለፈረሷ ደግ ቀን አልነበረም።) ደም ቅዳ እንደሚለጠጥም አስተዋለ። ይህን ለመረዳት የቀጥቃጩን ወናፍ ማሰብ ይበቃል። ቀጥቃጩ ሁለቱን ወናፎች እያፈራረቀ ስለሚጫን እሳቱ ነፋስ አያጣም። አኦርታም ልብ ሲገፋ ሰፍቶ ደሙን ይቀበላል፤ ልብ ሲያርፍ ተሰብስቦ ያንኑ ደም ወደ ፊት ይልካል። የደነደነ እንደ ሆነ ግን ይህን ሥራ ያጓድላል፤ የልብም ሸክም ይከብዳል።

በ1878 ሞኤንስና ኮርተቬግ የተባሉ የሆላንድ ሊቃውንት፣ የትርታ ሞገድ በደነደነ ቧንቧ ፈጥኖ፣ በሚለጠጠው ዘግይቶ እንደሚሄድ በሒሳብ አሳዩ። በጤነኛ ወጣት ሞገዱ በሴኮንድ ከ5 እስከ 6 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በእርጅና ከ10 ሊያልፍ ይችላል። በ1953 ደግሞ በስዊድን አገር ኤድለርና ኸርትዝ የድምፅን ሞገድ ወደ ልብ ልከው ገጽታውን ተቀበሉ። የዛሬው አልትራሳውንድ ከዚህ የመጣ ነው፤ በእርሱም የአኦርታ ስፋት ልብ ሲገፋና ሲያርፍ ይለካል፤ ልዩነቱ ከደም ግፊቱ ጋራ ተስተያይቶ መለጠጡ ይሰላል።

ችግሩ ከሠንጠረዡ ላይ ነው። የጤና ልክ ተብለው የተጻፉት ቁጥሮች በብዛት ከአውሮፓና ከአሜሪካ ሰዎች የተወሰዱ ናቸው። ሦስት ሳንቲሜትር ተኩል ለግዙፍ ሰው ጤና ሲሆን፣ ለቀጭን የገጠር ልጅ የአደጋ ምልክት ሊሆን ይችላል። በምግብ እጥረት ክብደቱ የቀነሰ ልጅ ደግሞ፣ ጤነኛ ደም ቅዳው በሰውነቱ መጠን ሲመዘን ሰፊ መስሎ ሊቈጠር ይችላል። አንዱ ሳይታከም ይቀራል፤ ሌላው ያለ በሽታው ይሠጋል።

ያገራችን ሰው ፈጽሞ አልተለካም ለማለት አይደለም። ሃሪሰንና ባልደረቦቹ በ1969 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን በኩል 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለውን የአዲ አርቃይን ሰው፣ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ከደባርቅ ሰው ጋራ አስተያዩ፤ የደጋው ሰው ደረቱ ሰፋ ያለ ሆኖ ተገኘ። በ2011 የወጣ የአልትራሳውንድ ጥናትም በጤነኛ የአማራ ደገኞች፣ ወደ ሳንባ በሚሄደው ደም ቅዳ ያለው ግፊት ከቆላው ሰው ከፍ ያለ መሆኑን ገለጸ። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ግን ከ1,900 እስከ 2,100 ሜትር ገደማ ያሉ ወይና ደጋ ናቸው፤ ከሁለቱም ልክ መዋስ አይቻልም።

በ2009 በአዲስ አበባ የልብ ሕክምና ማእከል ተከፍቷል፤ ከፍኖተ ሰላም እዚያ ለመድረስ ከ380 ኪሎሜትር በላይ መጓዝ ያሻል። ተንቀሳቃሹ አልትራሳውንድ ግን በአህያም ሊጫን የሚችል ነው። ስለዚህ ልኬቱ ከዚያው ከገጠሩ ቢጀመር ደግ ይመስለናል፤ ሲለካም ተማሪው ብቻ ሳይሆን፣ ሞፈር ተሸክሞ ወደ እርሻ የሚወርደው እኩያው፣ ውኃ የምትቀዳውም እኅቱ ይጨመሩ።