ስቴሪዮስኮፕ

«ስቴሪዮ» ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ቴፕና ሙዚቃ ይሄዳል። የግሪኩ ሥር ግን «ጠጣር» ማለት ነው፤ «ስኮፕ» ደግሞ ከማየት የመጣ ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን በ1838 እ.ኤ.አ. ስሙን ያወጣለት መሣሪያ ለእያንዳንዱ ዓይን የየራሱን ሥዕል ያሳያል፤ አእምሮ ሁለቱን አጋጥሞ ጥልቀት ይፈጥራል።

ፎቶግራፍ ሲመጣ የአሜሪካ ትናንሽ ከተሞች ፎቶ አንሺዎች ዋናውን መንገድ፣ ድልድዩን፣ ወፍጮ ቤቱን በባለሁለት ሌንስ ካሜራ እያነሱ፣ ጥንዶቹን ምስሎች ካርቶን ላይ ለጥፈው ሸጡ። በኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያለው የሮበርት ዴኒስ ስብስብ በእንዲህ ዓይነቱ ካርድ የበለጸገ ነው። ጎበዝ አንሺ (ሁሉም ጎበዝ አልነበረም) ከፊት አጥር ወይም የጋሪ ጎማ ያስገባል። ምክንያቱም ሩቅ ተራራ ብቻውን ከተነሳ በስቴሪዮስኮፕም ቢታይ ያው ዝርግ ነው።