ሳሩና ስልኩ

መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች መገደላቸውን አርባ ምንጭ ሆኜ የሰማሁት በስልኬ ነው። አብሮ የመጣ ፎቶ ነበር። የዚያው ቀን ይሁን የሌላ አገር፣ ማን ያጣራል? እኔም ሳላጣራ ለሁለት ጓደኞቼ ላክሁት።

የከተማው ወጣት ለበቀል ተመመ። ያኔ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው ከፊቱ ተንበረከኩ። ሳር የያዘ ሽማግሌን ጥሶ ማለፍ ጎሜ ነው፤ መዘዙ ለልጅ የሚተርፍ ነውር። ወጣቱ ተመለሰ።

የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም. ነው። የጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስር ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስከትላል፤ ጥቃት ካስከተለ ደግሞ እስሩ እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። ማኅበራዊ ሚዲያዎችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱት ያዛል። የመብት ተሟጋቾች ትርጓሜው ሰፊ ስለሆነ ተቺን ማሰሪያ እንዳይሆን ሰጉ። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ያ ሰልፍ መች 24 ሰዓት ይጠብቅ ነበር?

ጋሞ ዱቡሻ የሚባል አደባባይ አለው። እዚያ ሰው የመሰለውን ይናገራል፤ ግን ፊቱ እየታየ፣ ጎረቤቱ እየሰማ። ያጠፋም እዚያው ይታረቃል። ስም የለሽ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ሽማግሌ በማን ፊት ይንበርከክ?

ፎቶውን ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ። ጓደኞቼ ለማን እንዳስተላለፉት ግን እስከ ዛሬ ደፍሬ አልጠየቅኋቸውም።