ማን ልበል?
ቤትን ከሩቅ የመክፈት ታሪክ

ዛሬ ከእኛ ሰው ብዙው ኦክላንድ ተቀምጦ አዲስ አበባ ያሠራውን ቤት በር በእጅ ስልኩ ያያል። ሳን ሆዜ ያለውም ከሥራ ቦታው ሆኖ የሳሎኑን ካሜራ ይከፍትና ልጆቹ ከትምህርት ቤት መግባታቸውን ያረጋግጣል። ነገሩ እንደ ዋዛ ይታያል እንጂ ከበስተኋላው ያለው የጥንቱ የግቢ ዘበኛ ጥያቄ ነው፤ «ማን ልበል?» ከሩቅ መጥቶ የሚያንኳኳው ማን እንደሆነ ሳይጣራ የሚከፈት በር ለባለቤቱም ለሌባውም እኩል ክፍት ነው። የዚህ ጥያቄ ታሪክ አብዛኛው የተሠራው እዚሁ በምንኖርበት ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ስለሆነ ጥቂት ላጫውትዎ።

ቀኑ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 1969፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው። ቻርሊ ክላይን የተባለ የሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሜንሎ ፓርክ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ወዳለ ኮምፒዩተር ለመግባት ሞከረ። በዚያኛው በኩል የሚጠብቀው ቢል ዱቫል ነበር። ክላይን «ሎጊን» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ ጀመረ። «ኤል» ደረሰች፤ «ኦ» ደረሰች፤ ከዚያ የሜንሎ ፓርኩ ኮምፒዩተር ሥራ አቆመ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ተስተካከለና ተገባ። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ የኢንተርኔት አባት በሆነው በአርፓኔት ላይ መጀመሪያ የተላከው ቃል ሰላምታ አልነበረም፤ «ልግባ» የሚል ነበር።

በዚያን ዘመን በመስመሩ ላይ የነበሩት ሰዎች ጥቂትና እርስ በርስ የሚተዋወቁ ስለነበሩ ለመዝጊያ ብዙም አልተጨነቁም። ቴልኔት የተባለው የመግቢያ ዘዴ ስምንም የይለፍ ቃልንም እንዳለ፣ ሳይሸፍን ነበር የሚልከው። በአውቶቡስ ውስጥ ቆሞ የቤቱን ቁልፍ ቁጥር ጮክ ብሎ እንደመናገር ያለ ነው።

መሸፈኛ ጠፍቶ አልነበረም። ምስጢራዊ ጽሕፈት ከጥንት ጀምሮ አለ። ችግሩ ሁለቱ ሰዎች አስቀድመው አንድ ቁልፍ መያዝ ነበረባቸው፤ ቁልፉን ለማቀባበል ደግሞ ወይ መገናኘት፣ ወይም ወደ አገር ቤት በሚሄድ ታማኝ ሰው እጅ እንደምንልከው መላክ ያስፈልጋል። ዊትፊልድ ዲፊ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1975 የስታንፎርዱን ፕሮፌሰር የጆን መካርቲን ቤት እየጠበቀ ሳለ ነበር መውጫው የታየው። የሰው ቤት የሚጠብቅ ሰው ስለ ቁልፍ ማሰቡ አያስደንቅም። ከማርቲን ሄልማን ጋር ሆኖ በኖቬምበር 1976 ሐሳቡን አሳተሙ። ራልፍ መርክል የተባለ የበርክሌይ ተማሪ ደግሞ በ1974 ተመሳሳይ ሐሳብ ለክፍል ሥራ አቅርቦ መምህሩ ስላልተቀበለው ያንን ኮርስ ትቶ ወጥቷል። መምህራን የነበርን ሰዎች ይህን ስንሰማ አንገታችንን እንደፋለን።

ዘዴው በሒሳብ ሲታይ ያምራልና ትንሽ ይታገሡኝ። ኦክላንድ ያለው አበበና ሳን ሆዜ ያለችው አልማዝ ሰው ሁሉ እየሰማ «7 እና 13» ብለው ይስማሙ። አበበ በልቡ 2ን ይያዝ፤ 7ን ከ7 ሲያባዛ 49 ያገኛል፤ ለ13 ሲያካፍል 10 ይተርፈዋል። አልማዝ በልቧ 3ን ትያዝ፤ 7ን ሦስት ጊዜ ስታባዛ 343፣ ለ13 ስታካፍል 5 ይተርፋታል። አበበ «10» ብሎ ይጮኻል፤ አልማዝ «5» ብላ ትመልሳለች። አሁን አበበ የሰማውን 5 በልቡ እንደያዘው ሁለት ጊዜ ያባዛል፤ 25፣ ቀሪው 12። አልማዝ 10ን ሦስት ጊዜ ታባዛለች፤ 1000፣ ቀሪው 12። ሁለቱም 12ን ያዙ፤ ጎረቤት የሰማው ግን 7፣ 13፣ 10 እና 5 ብቻ ነው። በእነዚህ ትንንሽ ቁጥሮች ሰሚው በቀላሉ ይደርስበታል፤ ቁጥሮቹ በመቶ የሚቆጠሩ አሃዞች ሲኖሯቸው ግን ዛሬ ያሉት ኮምፒዩተሮች ሁሉ ተባብረው አይዘልቁትም። ሁለቱ ሰዎች ለዚህ ሥራቸው የ2015ን የቱሪንግ ሽልማት ተቀብለዋል።

ሐሳቡ ግን ወደ ተራው ሰው በር እስኪደርስ ብዙ ዓመት ወሰደ። ታቱ ኡሎነን የተባለ ፊንላንዳዊ፣ በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው መረብ ላይ የይለፍ ቃል ለቃሚ ገብቶ ካገኘ በኋላ፣ በ1995 ኤስ.ኤስ.ኤች. የተባለውን ፕሮግራም ሠርቶ በነጻ አደለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በ50 አገሮች 20,000 ያህል ሰዎች ይጠቀሙበት ነበር።

ቁልፉ ተሠራ ማለት ግን ሁሉም በር ተቆለፈ ማለት አይደለም። ካሜራዎችና የቪዲዮ መቅጃዎች ወደየቤቱ ሲገቡ ብዙዎቹ ያንኑ የድሮውን ቴልኔት ይዘው፣ በፋብሪካ የተሰጣቸው የይለፍ ቃል ሳይለወጥ ነበር የገቡት። በ2016 ሚራይ የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም 60 ያህል የታወቁ የፋብሪካ ቃላትን እየሞከረ ከየቤቱ እስከ 600,000 የሚደርሱ ዕቃዎችን በእጁ አደረገ። ኦክቶበር 21 ቀን በተነሣው ጥቃት ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ታላላቅ ድርጅቶች ለሰዓታት ተቋርጠው ዋሉ። ያጠቃው የሰው ሳሎን ካሜራ ነው፤ ባለቤቱ ግን ተኝቷል።

ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚነካው የሜሪላንዱ ጉዳይ ነው። በፍርድ ቤት ኪዳኔ በሚል ስም ብቻ የተጠራ፣ ኢትዮጵያ ተወልዶ አሜሪካዊ ዜጋ የሆነ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ፣ ከ2012 መጨረሻ እስከ ማርች 2013 ድረስ የቤተሰቡ ኮምፒዩተር ፊንስፓይ በተባለ መሰለያ ሲቀዳ ቆይቶ ወደ ኢትዮጵያ ይላክ ነበር ሲል በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። በክሱ መሠረት የስካይፕ ንግግሩ፣ ደብዳቤው፣ ልጁ ለትምህርት ቤት ሥራ የፈለገው ሳይቀር ተወስዷል። መሰለያው የገባው በኢሜይል በደረሰ ሰነድ ነው፤ ማለትም ባለቤቱ ራሱ በከፈተው በር። ከጠበቆቹ አንዱ ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን ነበር። በማርች 2017 የዋሽንግተኑ ይግባኝ ፍርድ ቤት ክሱን አልቀበልም አለ፤ ምክንያቱም ድርጊቱ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም፣ ሐሳቡም ትእዛዙም ከውጭ ነው የሚል ነው። ተጠሪው በእግሩ መጥቶ በር ቢሰብር ሌላ ክርክር ይሆን ነበር። እኔ በበኩሌ ይህ ፍርድ ልክ ነው ብዬ አላምንም፤ ቤቱ ያለው ሜሪላንድ ነው።

ታዲያ የቤታችንን ካሜራ ከሩቅ ለማየት ምን እናድርግ? ብዙ ጊዜ «ራውተሩ ላይ ፖርት ክፈትና ጨርስ» የሚል ምክር ይሰጣል። ይህ አጥር አፍርሶ መንገድ ማውጣት ነው፤ እርስዎ የሚገቡበትን ቀዳዳ በቀን ውስጥ ሺህ ጊዜ የሚያንኳኩ ማሽኖች አሉ። የሚሻለው ቪፒኤን ነው። ይኸውም ስልክዎና የቤትዎ ራውተር የየራሳቸውን ቁልፍ ይይዛሉ፤ ያልታወቀ ሰው ሲያንኳኳ በሩ መልስ እንኳ አይሰጥም። በ2020 የሊኑክስ አካል የሆነውና ዛሬ በብዙ ራውተሮች ላይ የሚገኘው ዋየርጋርድ እንዲህ ይሠራል፤ ቁልፍ የሚለዋወጠውም አበበና አልማዝ በሠሩበት በዚያው የ1976 ሐሳብ ነው።

ካሊፎርኒያ በ2018 ባወጣችው፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ በጸናው ሕግ፣ እዚህ የሚሸጥ ዕቃ ወይ ለየብቻው የተለየ የይለፍ ቃል እንዲኖረው፣ ወይም ገዢው ከመጀመሩ በፊት እንዲለውጠው ታስገድዳለች። መርካቶ የተገዛውን ካሜራ ግን ይህ ሕግ አይደርስበትም። ቃሉንም ካሜራውን የተከለው ባለሙያ ያውቀዋል፤ ለወንድምዎ የጻፈለት ወረቀትም እስካሁን መሳቢያ ውስጥ ይሆናል።