ከሆራ እስከ ከረንት፦ ላብ፣ ውሃና የባሌ ደጋ

የባሌ ደጋ አርብቶ አደር ውሃ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ያወቀው ያለ ላቦራቶሪ ነው። በጎደንቱ ልማድ ወቅት ጠብቆ ከብቱን ወደ ተራራው ግጦሽ ሲያወጣ ሆራ የተባለውን የማዕድን ውሃ ያጠጣዋል፤ ሶዲየምና ሌሎች ማዕድናት ያሉበት ምንጭ ለከብት እንደሚበጅ ልጅ ከአባቱ ሲማር ኖሯል። ስለ ኤሌክትሪክም ከተነሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የመልካ ዋከና የኃይል ማመንጫ ጣቢያ በዋቤ ሸበሌ ላይ ሥራ ጀመረ። ማዕድን ያዘለ ውሃና ኤሌክትሪክ ከልክ ያለፈ የመዳፍና የውስጥ እግር ላብ ለሚታከምበት አንድ ዘዴ ሁለቱ ዋና ግብዓቶች ናቸው። ስለዚህ አዮንቶፎረሲስ የተባለው ይህ ሕክምና ለባሌ ከተሞች ለሮቤና ለጎባ ሩቅ የሚመስለው ግብዓቱ ስለጠፋ አይደለም፤ ላብ እንደ ሕመም ስለማይቆጠር ነው።

የሕክምናው ታሪክም ግብዓቱ ቀላል መሆኑን ያሳያል። ጃፓናዊው ኢቺሃሺ እ.ኤ.አ. በ1936 በቆዳ ውስጥ በሚያልፍ ከረንት ላብን መቀነስ እንደሚቻል ጻፈ፤ በ1952 ቡማንና ባልደረባው ተራ የቧንቧ ውሃ እንደሚበቃ አሳዩ፤ በ1968 አሜሪካዊው ሐኪም ሌቪት ቀላል መሣሪያ አስተዋወቀ። ታካሚው ሁለቱን መዳፎች ዝርግ ብረት ባለባቸው ሁለት የውሃ ሳህኖች ውስጥ ያስገባል፤ ከ15 እስከ 20 ሚሊአምፔር የሚደርስ ከረንት ለ20 ደቂቃ ያህል ያልፋል፤ እጁን ጠቅ ጠቅ ያደርገዋል። ከረንቱን የሚሸከሙት በውሃው ውስጥ ያሉት ማዕድናት ስለሆኑ ውሃው ማዕድን ካነሰው ሐኪሙ ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ይጨምርበታል።

የባሌ ተራሮች አምባ የሆነው ሳነቲ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ በዚህ ብርድ ማን ያልበዋል የሚል ይኖራል። የመዳፍ ላብ ግን ከሙቀት ይልቅ የሚነሳው ከነርቭና ከጭንቀት ነው፤ እንዲያውም እርጥብ እጅና እግር የሚጎዳው በብርድ ነው። ተማሪው የፈተና ወረቀቱ ይረጥብበታል፤ ሰላምታ ሲሰጥም እጁን ይሸሽጋል። ሌላው ተቃውሞ ላቡ ተመልሶ ይመጣል የሚለው ነው። እውነት ነው፤ መጀመሪያ በሳምንት ጥቂት ጊዜ፣ ከደረቀ በኋላም አልፎ አልፎ መደጋገም ያሻል። ነገር ግን ደም ግፊትም በየቀኑ ይታከማል፤ ክትትል መፈለጉ ሕክምናን ከንቱ አያደርገውም። አደጋ አለው የሚለው ተቃውሞ ተገቢ ነው፤ በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት የሚወሰድ ኤሌክትሪክ ይገድላል፣ ነፍሰ ጡርና የልብ ምት ማስተካከያ የተተከለለት ሰውም ሊሞክሩት አይገባም። ይህ ግን ሕክምናው በሐኪም እጅ እንዲሰጥ እንጂ እንዲቀር አያስገድድም።

የጎባ ሪፈራል ሆስፒታልና የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ይህን ሕመም የቆዳ ሕክምና ትምህርትና አገልግሎት አካል አድርገው ይቁጠሩት። እጁን የሚሸሽገው ወጣትም ሕመሙ ስምና ሕክምና እንዳለው ይወቅ፤ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።