«ቲቸር፣ ታዲያ ምን ለብሰው ነበር?»

የዛሬው ትንሽ ይረዝማል፤ ሻይ ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ተማሪዎቼ ለዓድዋ በዓል የትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ ጦርነቱን ሊስሉ ተነስተዋል። በእርሳስ የነደፉትን ሳየው ዘማቹ ሁሉ የዛሬ ወታደር ከስክስ ጫማ ተጫምቷል። ሳቅኩ። አንዷ ልጅ ግን «እሺ ቲቸር፣ ታዲያ ምን ለብሰው ነበር?» አለችኝ። ስለ ውጫሌ ውል ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ የማወራው ሰውዬ፣ ስለ አንድ ተራ ዘማች ልብስ ሁለት ዓረፍተ ነገር አጣሁ። «ነገ እነግራችኋለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ማታ ትዝ ያለኝ ዳንኤል ማክሊስ ነው። አየርላንዳዊ ሠዓሊ ነበር። ለንደን፣ ፓርላማው ውስጥ አንድ ትልቅ ግድግዳ ተሰጠው። እንዲስል የታዘዘው የዋተርሉ ጦርነት ያበቃበትን ምሽት ነው፤ እ.ኤ.አ. 1815 ናፖሊዮን ሲሸነፍ የእንግሊዙ አዛዥ ዌሊንግተንና የፕሩሺያው ብሉኸር በፈረስ ላይ ሆነው ሲጨባበጡ። ርዝመቱ ከ13 ሜትር በላይ!

ማክሊስ ዘሎ ቀለም አልነካም። መጀመሪያ ሙሉውን ሥዕል በግድግዳው ልክ ወረቀት ላይ ነደፈው። የደንብ ልብሱ፣ ቆቡ፣ ኮርቻው፣ ሰይፉ፣ የኮቱ ቁልፍ ሳይቀር እዚያ ላይ አለቀ። የሙያ ጓደኞቹ ንድፉን አይተው ተደነቁ።

ግን አንድ ጣጣ ነበረ። ዌሊንግተን ራሱ በ1816 በጻፈው ደብዳቤ፣ ሁለቱ የተገናኙት ሰው ሁሉ በሚያወራለት በላ ቤል አሊያንስ ሳይሆን ጄናፕ በምትባል መንደር፣ ያውም ማታ ነው ብሏል። ሥዕሉ ሲጀመር ደግሞ እሱ ሞቷል። የንግሥት ቪክቶሪያ ባል ልዑል አልበርት፣ በርሊን በተዳረችው ልጃቸው በኩል በሕይወት ያሉ የፕሩሺያ መኮንኖችን አስጠየቀ። እነሱ «የለም፣ ላ ቤል አሊያንስ ነው» አሉ። ማክሊስም እሱን ሳለ፤ በ1861 ጨረሰ።

እኔን የገረመኝ እዚህ ላይ ነው። ልብሱ ላይ ያን ያህል ስለተጠነቀቀ፣ የሚያየው ሰው ቦታውንም ሳይጠይቅ ያምናል። የኮት ቁልፍ ትክክል መሆኑ ግን የት እንደተገናኙ አይመሰክርም። ሁለቱ ለየብቻ የሚጠየቁ ጥያቄዎች ናቸው። በነገራችን ላይ የግድግዳው ቀለም ብዙም ሳይቆይ እየደበዘዘ ሄደ፤ የወረቀቱ ንድፍ ግን ዛሬም ለንደን በሮያል አካዳሚ አለ።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ «አላውቅም፤ አብረን እንፈልግ» አልኳቸው። ግድግዳውን ትተን ወረቀት ያዝን። አንድ ወረቀት በባዶ እግሩ ለዘመተው ገበሬ፣ አንድ ለምድ ለደረበው መኳንንት፣ አንድ ጎፈር ላጠለቀው ጀግና፣ አንድ ለጣሊያኑ ወታደር። ከእያንዳንዱ ሥር «ከፎቶ»፣ «ከሙዚየም»፣ «ከአያት የሰማነው»፣ «ግምት» ብለው ይጽፋሉ። እስካሁን «ግምት» የሚለው በዝቷል። አላፈርንበትም።

እናንተንም ላስቸግር። ቤታችሁ የቅድመ አያት ፎቶ፣ የቆየ ለምድ፣ ጋሻ ወይም ጎራዴ ካለ ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። የማን እንደነበረና ማን እንደነገራችሁም ጨምሩበት። አያት ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ጠይቁ። ማክሊስ ዌሊንግተንን ሊጠይቀው አልቻለም።