ድሬድ (የፀጉር አያያዝ)

ድሬድ ወይም ድሬድሎክ ከርዳዳና ጥቅልል ፀጉር ተከፋፍሎ፣ ሳይበጠር በመቆየቱ እርስ በርሱ ተጋምዶ እንደ ገመድ የሚንጠለጠልበት የፀጉር አያያዝ ነው። «ራስታ ፀጉር» ተብሎም ይጠራል። እያንዳንዱ ገመድ ከዚህ በታች «ዘለላ» ተብሏል። ሹሩባ ተፈትቶ እንደገና ይሠራል፤ ድሬድ ግን አንዴ ከጠነከረ በቀላሉ አይፈታም። ስለዚህ ጀማሪው የሚወስነው ለአንድ በዓል ሳይሆን ለዓመታት ነው።

ድሬድ ውድ ዕቃ ስለማይጠይቅ በቤት ውስጥ ሊያድግ ይችላል። አያያዙ ግን እንደ አየሩ ጠባይ ይለያያል። በጅማ እና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ ለምሳሌ በአጋሮ፣ በየቡ፣ በሊሙ ገነት እና በሰቃ፣ ዋናው ችግር ፀጉሩን ማጋመድ ሳይሆን ማድረቅ ነው። አካባቢው በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያገኛል፤ ዝናቡም ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻና ከዚያም በላይ ይዘልቃል። ወፍራም ዘለላ በበጋ በአንድ ቀን ሲደርቅ፣ በክረምት ግን ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ሊያድር ይችላል።

ስያሜ

«ድሬድ» ከእንግሊዝኛ የመጣ ቃል ሲሆን በዚያ ቋንቋ ፍርሃት ማለት ነው። በዚህ ምክንያት በውጭ አገር የሚኖሩ ብዙ ጥቁሮች «ሎክስ» የሚለውን አጭር ስም ይመርጣሉ። በአማርኛ ቃሉ ይህን ትርጉም ይዞ ስላልገባ ያለ ችግር ይነገራል።

«ራስታ» ደግሞ ከቤት ወጥቶ የተመለሰ ቃል ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ከመጫናቸው በፊት ከሚታወቁበት «ራስ ተፈሪ» ከሚለው ስም በጃማይካ የራስ ተፈሪያን እንቅስቃሴ ስሙን አገኘ። ስሙ አጥሮ «ራስታ» ሆነ፣ ከሬጌ ሙዚቃ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ፣ እዚህም የእምነት ብቻ ሳይሆን የፀጉር ስም ሆነ። ድሬድ ያለው ሰው ሁሉ የራስ ተፈሪያን እምነት ተከታይ ነው ማለት ግን አይደለም።

በኢትዮጵያ

ያልተበጠረና የተጋመደ ፀጉር በኢትዮጵያ ከሬጌ ሙዚቃ በፊት የታወቀ ነው። ዓለምን ንቀው በበረሃና በገዳም የሚኖሩ ባሕታውያን ፀጉራቸውን ሳይቆረጡና ሳያበጥሩ ስለሚተዉት ከጊዜ ብዛት ይጋመዳል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ላይ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገላቸው በፀጉር ተሸፍኖ፣ አንበሶችና ነብሮች ከበዋቸው ይታያሉ። የዚህ ልማድ አንዱ መሠረት በኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 6 የተጻፈው የናዝራዊ ስእለት ነው፤ ስእለቱን የገባ ሰው ራሱን ምላጭ አያስነካም። በመጽሐፈ መሳፍንት የሶምሶን ፀጉር ሰባት ጉንጉን እንደነበረው ተጽፏል። የራስ ተፈሪያን ተከታዮችም ፀጉራቸውን የሚያሳድጉበትን ምክንያት ሲያስረዱ ይህንኑ የናዝራዊ ስእለት ይጠቅሳሉ።

በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ዱር ቤቴ ያሉ አርበኞች ፀጉራቸውን ማሳደጋቸው በዘመኑ ፎቶግራፎች ላይ ይታያል። አብዛኛው ጎፈሬ እንጂ ድሬድ አይደለም፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ጎፈሬ በሚዶ እየተበጠረ ወደ ላይ የሚቆም ፀጉር ሲሆን፣ ድሬድ ሚዶ የማይነካው ነው። በደቡብ ኦሞ የሐመር ሴቶች በቅቤና በቀይ አፈር እያሹ የሚሠሩት ቀጫጭን የፀጉር ጥምዝም በመልኩ ለድሬድ ይቀርባል፤ አሠራሩ ግን ሌላ ነው።

ዘመናዊው ድሬድ በኢትዮጵያ የታወቀው በሻሸመኔ በኩል ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በወረራው ጊዜ ኢትዮጵያን ለደገፉ ጥቁር ሕዝቦች በሻሸመኔ አቅራቢያ አምስት ጋሻ፣ ማለትም ወደ 200 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ሰጡ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካን ከጎበኙ በኋላም ከዚያ የሚመጡ ሰፋሪዎች ተበራከቱ። ቦብ ማርሊ እ.ኤ.አ. በ1978 ኢትዮጵያን ጎብኝቷል፤ በሕይወት ቢኖር 60 ዓመት የሚሞላበት የልደቱ ቀን በ1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ በታላቅ ኮንሰርት ተከብሯል። ከኢትዮጵያውያን ድምፃውያን መካከል በ2005 ዓ.ም. ያረፈው ኢዮብ መኮንን በሬጌ ሥልቱና በድሬዱ ይታወሳል።

ፀጉር እንዴት ይጋመዳል

የሰው ፀጉር ላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ ጥቃቅን ሽፋኖች የተሸፈነ ነው። ከርዳዳ ፀጉር ሲቆረጥ ጫፉ ድቡልቡል ሳይሆን ሞላላ ቅርጽ አለው፤ ስለዚህ እየተጠመዘዘ ያድጋል፤ ጥምዝምዙም ጎረቤቱን ይይዛል። ዞማ ፀጉር በኃይል ካልታሸ የማይጋመደው ለዚህ ነው።

ሌላው ምክንያት የሚረግፈው ፀጉር ነው። ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ነጠላ ፀጉር ይረግፍበታል። የሚያበጥር ሰው ይህን በሚዶው ላይ ያየዋል፤ ድሬድ ባለው ሰው ላይ ግን የረገፈው ዘለላው ውስጥ ተይዞ ይቀርና ውፍረት ይሆናል። ከዓመታት በኋላ ድሬዱን የሚፈታ ሰው እፍኝ ሙሉ ፀጉር ሲወጣለት ቢደነግጥ አይፈረድበትም፤ አብዛኛው ግን ቀድሞ የረገፈ ነው።

ከርዳዳ ፀጉር በወር በአማካይ ከ1 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ያነሰ ያድጋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ዘለላው ወደ ውስጥ ስለሚሰበሰብ ያጠረ ይመስላል። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ባለው ጊዜ በመሃሉ ትንሽ እብጠት የሚመስል ቋጠሮ ይወጣል፣ ዙሪያውም ይንጨባረራል። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚላጨው በዚህ ጊዜ ነው፤ ሆኖም መጋመዱ መጀመሩን የሚያሳየው ይኸው መንጨባረር ነው። ዘለላው ተጨብጦ ሲያዝ ጠንካራ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

አጀማመር

ለመጀመር ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፀጉር ይበቃል። ፀጉሩ በደንብ ታጥቦ ምንም ቅባት ሳይነካው ይደርቃል፤ ከዚያም ጅራት ባለው ማበጠሪያ በአራት ማዕዘን ይከፋፈላል። ክፍሎቹ እንደ ጡብ ግንብ አንዱ በሌላው መጋጠሚያ ላይ ቢያርፉ የራስ ቆዳው በመስመር አይጋለጥም። የእስክሪብቶ ውፍረት ያለው ዘለላ ለአብዛኛው ሰው ይስማማል። ከዚያ የቀጠነው ሊበጠስ ይችላል፤ በጣም የወፈረው ደግሞ በክረምት ለማድረቅ ያስቸግራል። የጅማ ሰው ዘለላውን ትንሽ ቀጠን ቢያደርግ የሚጠቀመው በዚህ ነው።

በጣም አጭር ፀጉር በማበጠሪያ ጫፍ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠመዘዛል። ረዘም ያለው ለሁለት ተከፍሎ እርስ በርሱ ይጠመዘዛል፣ ወይም በቀጭን ጉንጉን ተሠርቶ ይተዋል። በኪሮሽ ፀጉርን ወደ ውስጥ እየሳቡ ወዲያው ማጋመድም ይቻላል። ይህ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ባልለመደ እጅ ነጠላ ፀጉሮችን ይበጥሳል። ምንም ሳይነኩ እያጠቡ ብቻ መተውም አንዱ መንገድ ነው። ሰም ግን አያስፈልግም፤ ዘለላው ውስጥ ገብቶ አይወጣም፣ አቧራም ይሰበስባል። ፀጉሩን ለመያዝ የተልባ ውኃ ወይም የእሬት ልጥልጥ ፈሳሽ ይበቃል፤ ሁለቱም በውኃ ይታጠባሉ።

ጊዜ መምረጥ የሚችል ሰው በጥቅምት ወይም በኅዳር ቢጀምር ይሻለዋል። ዝናቡ ይቀንሳል፣ ፀሐዩም እስከ የካቲት ይቆያል፤ አዲሱ ዘለላ ክረምት ሳይደርስበት ብዙ ጊዜ ታጥቦ ይደርቃል። ወቅቱ የቡና ለቀማ ወቅት ስለሆነ ማሳ የሚውል ወይም ቡና መቀሸሪያ አጠገብ የሚሠራ ሰው ፀጉሩን በሻሽ መሸፈን አለበት። የገለባ ብናኝ አንዴ ዘለላ ውስጥ ከገባ በእጥበት ሙሉ በሙሉ አይወጣም።

እጥበትና ማድረቅ

ድሬድ አይታጠብም የሚለው አባባል ስሕተት ነው። ንጹሕ ፀጉር ከቅባታም ፀጉር ይልቅ ቶሎ ይጋመዳል። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ማጠብ ለብዙ ሰው ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ዘለላዎቹ እንዳይፈቱ ጭንቅላቱን በስስ ጨርቅ ወይም በስቶኪንግ ሸፍኖ ማጠብ ይቻላል። ሻምፑው በውኃ ቀጥኖ የራስ ቆዳው ላይ በጣት ጫፍ ይታሻል፤ ዘለላው ደግሞ እንደ ሰፍነግ ይጨመቃል። የደረቅ ሳሙና ዝቃጭ ውስጥ ስለሚቀር ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ማለቅለቅ ያስፈልጋል።

ከእጥበት በኋላ ያለው ሥራ ከእጥበቱ ይበልጣል። እያንዳንዱ ዘለላ ከሥር ወደ ጫፍ በአሮጌ ካናቴራ ይጨመቃል፤ ፎጣ ብናኝ ስለሚተው ካናቴራ ይመረጣል። ከዚያ በነፋስና በፀሐይ ይደርቃል። እጥበቱ ጠዋት ቢሆን ቀኑ ይተርፋል፤ በክረምት ግን ከሰዓት በኋላ የሚጥለው ዝናብ ስላለ ጠዋት መታጠብ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። ፎን ወይም ካስክ ያለው ሰው በመካከለኛ ሙቀት ሥሩን ማድረቅ ይችላል። በከሰል ምድጃ ላይ አጎንብሶ ፀጉር ማድረቅ አደገኛ ነው፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰውም ይገድላል።

እርጥብ ዘለላ አስሮ ወይም ሸፍኖ መተኛት ሻጋታ ያመጣል። ቡና አምራቹ ይህን በራሱ ሥራ ያውቀዋል፦ አልጋ ላይ ተሰጥቶ እርጥበቱ ወደ 11 በመቶ ገደማ ሳይወርድ የተከመረ ቡና ይሻግታል፤ ሽታውም በማጠብ አይለቅም። ድሬድም እንዲሁ ነው። የሻገተ ሽታ ያመጣ ዘለላ አንድ ክፍል አቼቶ ከብዙ ውኃ ጋር በተቀላቀለበት ተነክሮ ታጥቦ ሊሻሻል ይችላል፤ ውስጡ ጠቁሮ ወይም ነጭ ዱቄት መስሎ ከተገኘ ግን መቁረጥ ይሻላል።

ቅቤ

ለጋ ቅቤ ለሹሩባና ለጎፈሬ የቆየ የአገር ቅባት ነው፤ ፀጉሩ ሲፈታና ሲታጠብ ይወጣል። ድሬድ ግን አይፈታም። ቅቤው ዘለላው ውስጥ ይቀራል፣ ይበላሻል፣ ከዕጣንና ከምድጃ ጭስ ጋር ተዋሕዶ ከባድ ሽታ ይፈጥራል። እናቶችና አያቶች ፀጉሩ ደረቀ ብለው ቅቤ ሲያቀርቡ እምቢ ማለት ቀላል አይደለም። በፍቅር የመጣውን ቅቤ ሳይመልሱ የራስ ቆዳው ላይ ብቻ በጣም በጥቂቱ አሽቶ በማግሥቱ ማጠብ መካከለኛ መፍትሔ ነው። ለወትሮው ጥቂት ጠብታ የጉሎ ወይም የኮኮናት ዘይት ይበቃል።

የጥጥ ጋቢና ብርድ ልብስም ተመሳሳይ ችግር አላቸው። ቃጫቸው ዘለላው ውስጥ ገብቶ እንደ ነጭ ነጠብጣብ ይታያል። ማታ ማታ በሳቲን ሻሽ መሸፈን ወይም የሳቲን ትራስ ልብስ መጠቀም ይህን ይከላከላል።

የሚያጋጥሙ የጤና ችግሮች

አዲስ የወጣውን ሥር ለማጋመድ በየአራት እስከ ስድስት ሳምንት አንድ ጊዜ መጠምዘዝ ይበቃል። በየሳምንቱ ማጥበቅ ሥሩን ያሳሳል። በተለይ በግንባርና በጆሮ ዙሪያ ሕመም፣ ትንንሽ ብጉርና የፀጉር መሳሳት ከታየ ምክንያቱ መጎተት ነው። ይህ በጊዜ ከቆመ ፀጉሩ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ግን የፀጉሩ ሥር ጠባሳ ሆኖ ላይመለስ ይችላል። ዘለላዎቹን ሁልጊዜ በአንድ በኩል ጠብቆ ማሰርም ያው ጉዳት አለው።

ፎረፎር ፀጉር ሳይቆረጥ በሻምፑ ይታከማል። የራስ ቆዳ ጭርት ግን የተለየ ነው። ክብ ሆኖ የሚመለጥ፣ የሚቀረፍና የሚያሳክክ ሲሆን በሕፃናት ላይ ይበዛል፤ በማበጠሪያና በሻሽ መዋዋስም ይተላለፋል። ሥሩ ፀጉሩ ውስጥ ስለሆነ ቅባት ብቻውን አያድነውም፤ በሐኪም ትእዛዝ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል። ለቅማል ተብሎ ላምባ መቀባት ቆዳን ያቃጥላል፣ እሳትም ሊይዝ ይችላል።

ሃይማኖትና ማኅበራዊ ኑሮ

ጅማና አካባቢዋ ብዙ ሙስሊሞች የሚኖሩባቸው ስለሆኑ ድሬድና የሃይማኖት ትጥበት የሚነሣ ጥያቄ ነው። ለውዱእ ራስን በእርጥብ እጅ ማበስ ይበቃል፤ በጉስል ግን ውኃው ወደ ፀጉሩ ሥር መድረስ አለበት። ጉንጉን ያላት ሴት ጉንጉኗን መፍታት ሳያስፈልጋት ራሷ ላይ ሦስት ጊዜ ውኃ ብታፈስ እንደሚበቃት ከኡሙ ሰላማ የተላለፈ ሐዲስ አለ። በሰምና በቅባት ያልተደፈነ ዘለላ ውኃ ስለሚያሳልፍ በዚህም በኩል ይቀላል።

ድሬድ ያለው ወጣት፣ በተለይ ወንድ፣ ዱርዬ ወይም ሐሺሽ አጫሽ ተደርጎ መታየቱ አሁንም አልቀረም። ሴቶች ላይ ደግሞ ፀጉሯን አበላሸች የሚል አስተያየት ይበዛል። ሥራ የሚፈልግ ሰው ወደ ኋላ በጥንቃቄ አስሮ፣ ንጹሕ ሆኖ መቅረቡ ይረዳዋል፤ ፍርዱ ግን ከንጽሕና ጉድለት ሳይሆን ከልማድ የመጣ ስለሆነ ሁልጊዜ አይሠራም። በኬንያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 የራስ ተፈሪያን እምነት ተከታይ የሆነች ተማሪ በድሬዷ ምክንያት ከትምህርት ቤት መባረሯ መብቷን የሚጥስ ነው ብሎ ወስኗል።

ማስወገድ

ቀላሉ መንገድ መቁረጥ ነው። ከሥሩ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አስቀርቶ የቆረጠ ሰው የቀረውን በኮንዲሽነር አለስልሶ ከጫፍ ጀምሮ በሚዶ ሊፈታው ይችላል። ሙሉውን ዘለላ ሳይቆርጡ መፍታትም ይቻላል፤ እንደ ርዝመቱና እንደ ዕድሜው ግን ከአንድ ቀን በላይ የሚፈጅ የብዙ እጅ ሥራ ነው።